ጎመኑ ለማን ነው?

ባለፈው ነሐሴ መግቢያ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ቅዳሜ እርሻ ታግዘኛለህ?» አለኝ። የጅማ ልጅ መሆኔን ያውቃል። እርሻ ካለ ደቦ ነው ብዬ ደስ አለኝ። እዚህ አሜሪካ ከሚኒያፖሊስ ከተማ ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ያህል ነዳን። ጫካ መሃል ሁለት ኤከር የምትሆን የተመነጠረች መሬት አለችው። በእኛ አቆጣጠር ሄክታር ልትሞላ ትንሽ የሚቀራት ናት። አጎቴ ጅማ አጠገብ ሰቃ ጨቆርሳ ላይ ስምንት ልጅ ያሳደጉባት መሬት ከዚህች ታንሳለች።

ሰውዬው በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። አፈሩን ላቦራቶሪ ልኮ አስመርምሯል። ውጤቱን በፕላስቲክ ሸፍኖ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል፤ ፒኤች 5.6። አሲድ በዝቶበታል፣ ከ6 በላይ መውጣት አለበት፣ ስለዚህ በጸደይ ኖራ በትኖበታል። ዩሪያውም በከረጢት ተደርድሯል። ዘሩ አራት ዓይነት ነው። ጎመንዘር፣ አጃ፣ ተርኒፕ የሚሉት ሥሩ እንደ ቀይ ሥር የሚያብጥ ነገር፣ ደግሞ ክሎቨር፤ የእኛ ማገጥ ዘመድ። እሱ በአራት ጎማ ሞተር ማረሻ እያስጎተተ አፈሩን ሲያለሰልስ፣ እኔ አንገቴ ላይ የዘር መበተኛ አንጠልጥዬ እጀታውን እያዞርኩ ስዘራ አረፈድኩ።

ላቤ ጠብ ሲል ጥላ ሥር ቁጭ አልንና ጠየቅሁት።

«ይሄን ሁሉ ጎመን ገበያ ነው የምታወጣው?»

«ኧረ ለአጋዘኖቹ ነው።»

«አጋዘን ታረባለህ እንዴ?»

«አይ፣ ለዱር አጋዘኖቹ ነው። እንዲመጡልኝ።»

እንዲመጡልኝ። እጄ ላይ ያለውን የዘር ከረጢት አየሁት። ቀንዱ እንደ ዋርካ ቅርንጫፍ የተዘረጋ አጋዘን ግጥም ብሎ ተስሎበታል። ከጠዋት ጀምሬ ይዤው ስዞር አላስተዋልኩትም። ለካ ለአውሬ ስዘራ ነው ያረፈድኩት።

(አጋዘን የምለው ሌላ ቃል አጥቼ ነው። የእኛ አጋዘን ቀንዱ ጥምዝ ነው፣ አንዴ በቀለ በቀለ ነው። የእነሱ ወንዱ ቀንዱን በየዓመቱ በበረዶው ወራት ጥሎ በጸደይ እንደ አዲስ ያበቅላል። ዘሩም ጭራሽ ሌላ ነው፤ ከሰሃራ በታች ያ እንስሳ የለም። ግን ሁላችንም እዚህ አጋዘን ነው የምንለው፣ ይቅር።)

እኔ ሆዬ አላስችል አለኝና እዚያው ጥላ ሥር ሆኜ አጎቴ ጋ ደወልኩ። እኛ ጋ ቀን 6 ሰዓት ነው፣ ጅማ ማታ 2 ሰዓት።

«አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ? ቶሎ በል፣ ከርከሮው የሚመጣበት ሰዓት ነው» አሉኝ።

«የት ነዎት ጋሼ?»

«የት ልሆን፣ ማማ ላይ ነኛ!»

በቆሎው እሸት ደርሷል። ነሐሴ ነው። ረስቼው ነበር፣ አፈርኩ። እንደምንም ነገርኳቸው። አንድ ሰው አለ፣ ጎመን እየዘራ ነው፣ ለዱር እንስሳ ነው አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ።

«እንዲያባርረው ነው?»

«አይ፣ እንዲበላለት።»

«ሰውዬው ቤተሰብ የለውም?»

«አለው። ሚስትም ሦስት ልጆችም አሉት።»

«እና ምን አሉት?»

ይሄን ስመልስ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ሰማሁ። አጎቴ ስልኩን ትከሻቸውና ጆሯቸው መሃል ይዘው ቆርቆሮውን እየደበደቡ «ሂድ! ሂድ ከዚህ!» ይላሉ። ከጎኔ ባልደረባዬ ምንድነው ድምፁ አለኝ። ምን ልበለው? አጎቴ ያንተን እንግዳ እያባረሩ ነው ልበለው?

እኔ ራሴ ማማ ላይ አድሬያለሁ። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ከጅማ ከተማ ወደ ሰቃ የምላከው ለእረፍት አልነበረም። ሌሊት ከርከሮና ጃርት አለ፣ ቀን ዝንጀሮና ጦጣ አለ። እኛ ተራ ገብተን እንተኛለን፣ እነሱም ተራ የገቡ ነው የሚመስለው። ዝንጀሮ ደግሞ ሴትና ልጅ አይፈራም ይባላል። እውነት ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። የአጎቴ ልጅ ወንጭፍ ይዛ ስትጮህበት እዚያው ቁጭ ብሎ እያያት በቆሎውን ይልጣል። ከዚያ እሷ አንድ ቀን የአባቷን ኮትና ባርኔጣ ለብሳ ድምጿን አጎርንና ወጣች። ሁለት ቀን ሠራ። በሦስተኛው ቀን ገባቸው መሰለኝ፣ ኮቱን እያዩ መጡ። እኔ መስከረም ላይ ወደ ከተማ፣ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። እሷ በቆሎው እስኪሰበሰብ እስከ ጥቅምት መጨረሻ እዚያው ቆየች። ስድስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማረችው ለዚህ ነው።

ታዲያ ከሰዓት በኋላ ባልደረባዬ «ና አንድ ነገር ላሳይህ» ብሎ ወደ እርሻው ዳር ወሰደኝ። አራት እግር አለው። መሰላል አለው። ጣሪያ አለው። ማማ ነው! እግዜር ያሳያችሁ፣ ቁርጥ የአጎቴ ማማ። ወጣሁበት። ውስጡ የሚሽከረከር ወንበር፣ የጋዝ ማሞቂያ፣ ወለሉ ላይ ደግሞ ምንጣፍ፤ እግር ሲንቀሳቀስ እንዳይንቋቋ ነው አለኝ። መስኮቱም ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚከፈተው። በአጎቴ ማማ ላይ ዝም ያለ ሰው ተኝቷል ተብሎ ይሰደባል። በዚህኛው ማማ ላይ የሳለ ሰው ነው የሚሰደበው።

እዚህ ማማ ላይ የሚወጣው ኖቬምበር መግቢያ ላይ፣ የጠመንጃ አደን ሲከፈት ነው። ጎመኑም ለዚያ ተሰልቶ ነው የሚዘራው። ውርጭ ሲመታው ቅጠሉ ውስጥ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጥና ይጣፍጣል፤ ሌላው ሣር ሲደርቅ ያቺ መሬት ብቻ አረንጓዴ ሆና ትቀራለች። እስከዚያ ድረስ ዛፍ ላይ የታሰረ ካሜራ የመጣውን ሁሉ ፎቶ እያነሳ ስልኩ ላይ ይልክለታል። ሥራ ቦታ ምሳ ላይ ቁጭ ብለን እንደ አራስ ልጅ ፎቶ ያሳየኛል። «ይሄ ዘንድሮ ቀንዱ ስምንት ጫፍ አወጣ፣ ይሄ አምና ፈሪ ነበር።» ስም ሁሉ አውጥቶላቸዋል። አጎቴም ያንን አንድ ጆሮ የሌለው ዝንጀሮ ስም አውጥተውለታል፣ ግን እዚህ አይጻፍም።

ከሁሉ የገረመኝ ሕጉ ነው። እዚህ ሚኒሶታ ውስጥ አንድ ኩንታል በቆሎ ገዝተህ መሬት ላይ አፍስሰህ የመጣውን አጋዘን ብትተኩስበት ትቀጣለህ። ማጥመጃ ነው፣ ክልክል ነው። ያንኑ በቆሎ ዘርተህ፣ አርመህ፣ ሳትሰበስብ ቆሞ ቢቀርና ሊበላው የመጣውን ብትተኩስ ግን ምንም የለብህም። ላብህ ጠብ ካለበት ሕጋዊ ነው እንደማለት። እንዲህ ከሆነማ አጎቴ በሕግ የተፈቀደ የአውሬ መጋቢ ናቸው። መተኮሱ ነው የቀራቸው፣ እሱ ደግሞ ለሳቸው አልተፈቀደም።

እዚህ ያሉ አበሾች «ነጭ እንስሳ ይወዳል» ይላሉ። እኔ አይዋጥልኝም። እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ በመላ አገሪቱ የቀረው አጋዘን ግማሽ ሚሊዮን እንኳን አይሞላም ይባላል። ለገበያ እየተገደለ፣ ጫካውም እየተመነጠረ ነው ያለቀው። ከዚያ ሕግ አወጡ፣ አደኑን በወቅትና በፈቃድ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1937 ደግሞ በጠመንጃና በጥይት ላይ የሚከፈለው ቀረጥ ለዱር እንስሳ ጥበቃ እንዲውል ወሰኑ። ዛሬ ወደ 30 ሚሊዮን ይገመታል። ባልደረባዬ ጥይት በገዛ ቁጥር ለአጋዘኑ ይከፍላል፣ ከዚያ ይተኩስበታል። አጋዘኑ መሬቱ ላይ ሲመጣ ለሱ ትርፍ ነው፤ ሥጋውም፣ ደስታውም፣ የመሬቱ ዋጋም። ስለዚህ «እንዲመጡልኝ» ይላል። አጎቴ ጋ የሚመጣው በልቶ ይሄዳል፣ አለቀ። ካሣ የሚከፍላቸው ሰው ገጥሟቸው አያውቅም።

ትርፍ አልኩ እንጂ እኔ እንኳን አስልቼው ነበር። ዘሩን፣ ኖራውን፣ ዩሪያውን፣ ነዳጁን፣ ካሜራውን ደምሬ «በዚህ ብር በሬ ትገዛ ነበር» ስለው «ሚስቴ እንዳትሰማህ» አለኝ። ኖቬምበር ላይ አንድ ጣለና ቋሊማ አሠርቶ አመጣልኝ። ያልታረደ ሥጋ አልበላም ስለው ግራ ገባው። ጎመኑን የዘራኸው አንተ ነህ፣ ድርሻህን ውሰድ ብሎ ድርቅ አለ።

ድርሻ ካነሳን ደግሞ የኔም ድርሻ ይነገር። እኔ የምኖረው ከተማ ዳር ነው። እናቴ ከጅማ የላከችውን የጎመን ዘር ባለቤቴ ጓሮ ውስጥ ዘራችው። አንድ መደብ ጎመን፣ ትንሽ በርበሬ፣ ጥግ ላይ ጤና አዳም። ጎመኑ አምሮበት፣ የመጀመሪያውን ቅጠል እሁድ ለመቅጠፍ ተቀጣጥረን፣ ቅዳሜ ሌሊት አልቆ አደረ። ግንዱ ብቻ እንደ ጥርስ መፋቂያ ቆሟል። በርበሬውንም አጋዘኖቹ ቅጠሉን ሸልተውታል። ጤና አዳሙን ብቻ አልነኩም፣ ሽታውን አይወዱትም። ቡናችን ተረፈ እንግዲህ። የሚመለከተው ቢሮ ደወልኩ፤ «ሁለት ሜትር ተኩል አጥር እጠር» አለችኝ ልጅቷ። አጥሩን ልጠር ስል ደግሞ የሰፈሩ ደንብ እንዲህ ያለ ረጅም አጥር አይፈቅድም። በወንጭፍ ላባርራቸው ብዬ ድንጋይ ስለቅም ባለቤቴ «ታስረህ ልትቀር ነው!» ብላ ጮኸች። ጎረቤቴ ያሉት አሮጊት በበኩላቸው ጎመኔን ሲበሉ ፎቶ አንስተዋቸዋል። አሳዩኝ እኮ! «አያምሩም?» አሉኝ። ጎመኑም ያምር ነበር።

ከነገሬ ወጣሁ። ስለ ኖራው ልናገር ነበር የፈለግሁት፣ እውነቱን ለመናገር ያናደደኝ እሱ ነው። ካሜራውም ወንበሩም አይደለም። የጅማን ቀይ አፈር ታውቁታላችሁ። ዝናቡ እየበዛ ማዕድኑን አጥቦ ይወስድበትና አሲዱ ይበዛል። በአገር ደረጃ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ይሄ ችግር አለበት። የአጎቴ ቀበሌ የግብርና ባለሙያ (ዲኤ) መጥቶ «አፈራችሁ ኖራ ይፈልጋል» ካላቸው አምስት ዓመቱ ነው። አንዴ መኪናው ተበላሽቶ ነው፣ አንዴ ኮታው አልቆ ነው፣ አንዴ ተመዝገቡ፣ አንዴ ምዝገባው አልፏል። ኖራው አልመጣም። እዚህ ግን አንድ ሰው ስልክ ደውሎ በመኪና ያስመጣው ኖራ አጋዘን የሚበላው ጎመን ላይ ፈሰሰ፣ የበተንኩት ዘር ደግሞ ከሱ በላይ ነው ያረፈው። ማታ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነጭ ዱቄት ከሶሌ ሥር ወጣ። ለረጅም ጊዜ አየሁት።

አገር ቤት ያለው ነገር ሁሉ ጨለማ ነው ማለቴ አይደለም። ከሰቃ አለፍ ብሎ በለጠ ገራ ጫካ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 በጃፓኖች ድጋፍ የተጀመረ ሥራ ነበር። ገበሬው ተደራጅቶ ጫካውን ይጠብቃል፣ በምትኩ ይጠቀምበታል። የጫካ ቡናው ሰርተፍኬት አግኝቶ በተሻለ ዋጋ ጃፓን ድረስ ተሸጧል። ጫካው ሲኖር ለሰውዬው ጥቅም ካለው፣ ምሳሩን ያስቀምጣል። ይሄን ለአጎቴ ሳወራ «ቡናውስ ጥሩ ነው» አሉ። «ዝንጀሮው ነው እንጂ ሰርተፍኬት የሌለው።»

ባለፈው ሳምንት ራሳቸው ደወሉ። እንዲህ ደውለውልኝ አያውቁም፣ ሰው ሞተ ብዬ ደነገጥኩ።

«ያ ፎቶ የሚያነሳው ነገር» አሉኝ፣ «አውሬ ሲመጣ ያውቃል አይደል?»

«ያውቃል ጋሼ።»

«ይጮሃል?»

«አይጮህም፣ ዝም ብሎ ነው የሚያነሳው።»

«የሚጮህ የለም?»

አለ። ፈልጌ አገኘሁ። አንድ ነገር ፊቱ ሲያልፍ መብራት የሚያበራና የሚጮህ፣ በፀሐይ የሚሠራ። ሁለት ገዝቼ ሻንጣ ውስጥ ከትቻለሁ። ጥር ላይ ይዤ እመጣለሁ አልኳቸው፤ ፈቃድ የሚሰጠኝ ያኔ ነው።

«ጥር?» አሉኝ። «ጥር ላይ በቆሎው ጎተራ ገብቶ ማን ላይ ሊጮህ ነው? ነሐሴ ላይ ና። ማማው ለሁለት ሰው ይበቃል።»