አባ ሰምነር ለፍልስፍናችን ምን አደረጉልን?

ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር በ1950ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አዲስ አበባ መጥተው በዩኒቨርሲቲው ለአሥርት ዓመታት ፍልስፍና አስተማሩ። ከ1974 እስከ 1982 ደግሞ የኢትዮጵያን ፍልስፍና በአምስት ቅጽ በእንግሊዝኛ አሳተሙ። ይህ ሥራ ውለታ ነው ወይስ የተጋነነ? ሁለት ጸሐፊዎች ተከራክረዋል።

ተቃዋሚ፦ ሰውዬውን አልጠላም። ግን ቅጾቹን ስንከፍት ምን እናገኛለን? መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን ከዓረብኛ የመጣ ነው። ስለ እንስሳት ባሕርይ የሚያወራው ፊሳልጎስ ከግሪክ። የፈላስፋው የስክንድስ ታሪክም እንግዳ ነው። የኛ የሚባለው የ17ኛው መቶ ዘመን ፈላስፎች ናቸው የሚባሉት የዘርዓ ያዕቆብና የደቀ መዝሙሩ የወልደ ሕይወት ሐተታ ብቻ ነው። እሱንም የኢትዮጵያ ጥናት ሊቁ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 የጣሊያናዊው መነኩሴ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ድርሰት ነው ብሎታል። አባ ሰምነር ዕድሜያቸውን በአጠራጣሪ መጽሐፍ ላይ ቆመሩ።

ደጋፊ፦ ቆመሩ? ዳ ኡርቢኖ ራሱ ከፈረንሳይኛ ወደ ግዕዝ የመለሰው ሥራ አለ። ሰምነር ያንን ከሐተታው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ቋንቋውን መዘኑ። ሁለቱ የአንድ ሰው እጅ ሥራ አይደሉም አሉ። ዝም ብሎ ማመን ይህን አይመስልም። ስለ ትርጉሞቹም ቢሆን የኛ ተርጓሚ ቃል በቃል አይገለብጥም። ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ለራሱ ያስማማዋል። ሰምነር ፍልስፍናውን የፈለጉት እዚያ ጭማሪና ቅነሳ ውስጥ ነው። እርስዎ ግን የመጣበትን አገር ብቻ አይተው ዘጉት።

ተቃዋሚ፦ ለሐተታው ቀድመው የተከራከሩ የግዕዝ ሊቅ እኮ ነበሩ፤ ዓለማየሁ ሞገስ። ዓለም የሚጠቅሰው ግን ፈረንጁን ነው። የደራሲው ጉዳይም ዛሬ ድረስ አልተዘጋም። እሳቸው ጨረሱት ሲባል ይገርመኛል።

ደጋፊ፦ ጨረሱት አላልኩም። ዓለማየሁ ሞገስን አለመጥቀስ የአንባቢው ጥፋት ነው። ግን የናይጄሪያው የኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግዕዝ ያነባል? አያነብም። ዘርዓ ያዕቆብን በአፍሪካ የፍልስፍና ክፍሎች ውስጥ ያስገባው በአብዛኛው የሰምነር እንግሊዝኛ ነው። ደግሞ በብራና ብቻ አልቀሩም። በ1990ዎቹ የኦሮሞን ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ዘፈንና ተረት በሦስት ቅጽ አውጥተዋል።

ተቃዋሚ፦ የኦሮሞውን እቀበላለሁ፤ እንዲያውም ከአምስቱ እሱ ይበልጥብኛል። ግን ቅኔውስ? የመጻሕፍት ትርጓሜው አንድምታውስ? አገሩ በዚህ ነው ሲያስብ የኖረው። ከአምስቱ አንዱ እንኳ ለቅኔ አልተሰጠም።

ደጋፊ፦ ይህ እውነት ነው። ታዲያ የቅኔውን ቅጽ የኛ ሰዎች ይጻፉታ! አባ ሰምነር የማንንም እጅ አልያዙም።