ለክቡር ምክር «እሰሪው፣ ይክፋልሽ»፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ባለፈው ዓርብ ስላዋረዱኝ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። የጎረቤቴ የልጅ ልጅ ግን ክንዱን ሁለቴ ተወግቷል፤ ነገ ሦስተኛው ነው።

እርስዎን የማያውቅ የድሬ ሰው የለም። ሰው ቡችላ ታቅፎ ከባጃጅ ሲወርድ፣ እርስዎ በአንዱ ጎረቤት አፍ አድርገው በሩ ላይ ቀድመው ይገኛሉ። እኔም ታይገርን ይዤ ስገባ «አቦ፣ ሰው አታሳዪው! ጓሮ እሰሪው፣ ይክፋልሽ» አሉኝ። አንድ ሳምንት ቤት አሳደርኩት፤ ከዚያ ታዘዝኩ። ያን ጊዜ ቁመቱ ከጫማዬ አይበልጥም ነበር። ከውሃው ሮቶ ኋላ አሰርኩት። ከዚያ ወዲህ ለሦስት ወር ያየው ሮቶውን፣ ግድግዳውንና እኔን ብቻ ነው።

ወደ ዓርቡ ልምጣ።

ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል። ፀሐዩን መቼም አልነግርዎትም። ባጃጅ ውሃ በጄሪካን አምጥቶልኝ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቻለሁ። ጎረቤቴ ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ለጁምዓ ሲያልፉ ሰላም ሊሉኝ ቆም አሉ። ባለ ባጃጁ ክላክስ አደረገ። ታይገር ገመዱን በጥሶ ወጣ።

እውነቱን ልንገርዎት? ለአንድ አፍታ ኮራሁ። ከፋልኝ! አልኩ።

አልከፋም። ፈርቶ ነው። ጅራቱን ሆዱ ሥር ቀብሮ ሐጂ እግር መሀል ገባ። የተበጠሰው ገመድ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ተጠመጠመ። ግቢዬን ይጠብቃል የተባለው ዘብ ከፍርሃቱ ብዛት ነጩ ጀለቢያ ላይ ሽንቱን ለቀቀው። ባለ ሱቋ መመዘኗን አቁማ ታያለች። ሰፈሩ ያያል። ልጁ አያቱን ሊያስለቅቅ እጁን ሲሰድ ታይገር ጣቱን ነከሰው። ደማ።

ሐጂ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በስንት ጣዕሙ! «አብሽሪ ልጄ» ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ያን ልብስ በሃይማኖታቸው ሥርዓት ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ማጠብ አለባቸው። ኹጥባው፣ የጁምዓው ስብከት፣ አመለጣቸው። እኔ ከጄሪካኑ ውሃ እያንቆረቆርኩ የልጁን ጣት 15 ደቂቃ በሳሙና አጠብኩ። ባለ ባጃጁ ሂሳቡን ሳይቀበል ተሰውሯል።

ከዚያ የሕክምናው ሰልፍ። «ካርድ አውጪ።» «መታወቂያሽን ኮፒ አድርገሽ ነይ።» ኮፒ ቤቱ መብራት የለውም። ሌላውን ያውቁታል። ተራችን ሲደርስ መዝጋቢዋ ቀና ሳትል ጠየቀች።

«የነከሰው ውሻ ባለቤት ይታወቃል?»

«እኔ ነኝ።»

«ውሻው ተከትቧል?»

«አልተከተበም።»

«ከዚህ በፊት ሰው ነክሶ ያውቃል?»

«ሰው አይቶ አያውቅም።»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። ሌላ ቀን ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

ለምን እንዳልተከተበ ያስታውሳሉ? «ከግቢ ለማይወጣ ውሻ ክትባት ምን ያደርግለታል?» ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

ስማ፣ አንተ። ልጁ 7 ዓመቱ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚመልሰው የለም። የሚያድነው ቀድሞ መከተብ ነው። ፓስተር በውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ የከተበው በ1885 እ.ኤ.አ. ነው። ስንት ዘመኑ ነው? አንተ ዛሬም በየበሩ እየዞርክ «ምን ያደርግለታል» ትላለህ። እናቱ ሲወጋ ክንዱን ይዛ እኔን ታየኝ ነበር። አንዲት ቃል አልተናገረችም። ለዚያ ዓይን የሚሆን ምክር አለህ? ካለህ ንገረኝ።

ይቅርታ ክቡርነትዎ። ሙቀቱ ነው።

እንቅልፍ ስላጣሁ ሌሊት ሌሊት አነበብኩ። ለካ ቡችላ ዓለምን የሚለማመደው ከ3ኛው ሳምንት እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ነው። በዚያ ዕድሜው ደህና ሆኖ ያየውንና የሰማውን፣ በኋላ ሲያገኘው አይደነግጥም። ያላየው ነገር ሲመጣበት ይፈራል። የፈራ ይሸሻል፤ መሸሻ ያጣ ይነክሳል። እንግዲህ ሥራዬ ምን ነበር? ክትባቱ እስኪያልቅ መሬት ሳላስረግጠው፣ ታቅፌው ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር በቀን ሩብ ሰዓት መቀመጥ። ባጃጅ ከሩቅ፣ ጃንጥላ የያዘች ሴት፣ ጀለቢያ የለበሰ ሰው፣ የሚሮጥ ልጅ። አንዱን ባየ ቁጥር ቁራሽ ሥጋ። በቃ! እርስዎ ግን ያን ጊዜ በሙሉ ለሮቶው ሰጡት። በዚህ ዓለም ታይገር የማይፈራው ሮቶ ብቻ ነው። ሌባ በሮቶ መልክ ቢመጣ ጅራቱን እየቆላ ያስገባዋል።

«ዓይኑን እንደገለጠ ውሰጂው» ብለውኝ በወሩ ከእናቱ ማምጣቴስ? 8 ሳምንት ቢሞላው፣ ወንድሞቹ ሲነክሳቸው እየጮኹ የጥርሱን ልክ ያሳውቁት ነበር። እንዲከፋ አብይው ያሉኝን ሚጥሚጣም አልረሳሁም። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ እንድደፍቀው ባዘዙኝ ሳምንት የተማረው ደግሞ ተደብቆ አልጋ ሥር መሽናት ነው።

አሁን ደስ ይበልዎት፣ ታስሯል። ጤነኛ መሆኑ እስኪታይ 10 ቀን እንዳይለቀቅ ተብሏል። ዛሬ 6ኛ ቀኑ ነው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ እኔም በየሰዓቱ ምራቁን አያለሁ። 11ኛው ቀን ሲነጋ የክትባት ሰልፍ እንገባለን። ከዚያ ሥጋ በኪሴ ይዤ ወደ ከዚራ፤ ባጃጆቹን መጀመሪያ በጣም ከሩቅ። ስለረፈደ ብዙ ወር ይፈጃል ብለውኛል። በዚያ ሲያልፉ ካዩን ሰላም አይበሉን።

ግልባጭ፦
ለሐጂ፣ ከአዲስ ጀለቢያ ጋር
ለባለ ባጃጁ፣ የጄሪካኑን ሂሳብ መጥቶ እንዲቀበል
ለታይገር፣ ከሮቶው ኋላ