ማስተካከያ፦ ስለ ሄንሪታ ሊቪት የከዋክብት ጥናት

ስለ አሜሪካዊቷ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሄንሪታ ስዋን ሊቪት ባቀረብነው ጽሑፍ «በ1912 የአንድሮሜዳን ርቀት ለኩ» (አንድሮሜዳ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ ያለ ሌላ ጋላክሲ ነው) ማለታችን ስሕተት በመሆኑ አንባቢዎቻችንን ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ሊቪት በሐርቫርድ ኮሌጅ የከዋክብት መመልከቻ ተቀምጠው፣ ፔሩ ውስጥ አሬኪፓ ላይ የተነሡ የመስታወት ፎቶግራፎችን እያስተያዩ፣ ጥቁር ነጥብ ሆኖ የሚታየው ኮከብ ከአንዱ ሌሊት ወደ ሌላው መተለቁን ወይም ማነሱን በዓይናቸው እየመዘኑ፣ በ1908 በሁለቱ የማጄላን ደመናዎች (ደመና በሚመስሉ ሁለት ትንንሽ ጋላክሲዎች) 1,777 ተለዋዋጭ፣ ማለትም ድምቀታቸው የሚቀያየር ኮከቦችን ይፋ አድርገዋል። የ1912ቱ ሥራቸው በትንሹ ደመና ያሉ 25 ኮከቦችን የሚመለከት ሲሆን፣ ደምቀው ፈዝዘው ዳግም እስኪደምቁ ረጅም ጊዜ የሚወስድባቸው ይበልጥ ብርሃናማ መሆናቸውን አረጋግጧል፤ ኮከቦቹ ከእኛ ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ ስለሆነ የድምቀታቸው ልዩነት የራሳቸው የተፈጥሮ ልዩነት ነውና። የአንድሮሜዳን ርቀት በዚሁ የጊዜና የብርሃን ግንኙነት ሕግ ያሰሉት፣ በ1923 እዚያ ሴፌይድ የሚባል፣ ድምቀቱ በመደበኛ ጊዜ የሚለዋወጥ ኮከብ ያገኙት ኤድዊን ሀብል ናቸው፤ ሊቪት ግን ይህን ሳያዩ በ1921 ዐርፈዋል። የ1912ቱ ጽሑፍ በመመልከቻው ኃላፊ በኤድዋርድ ፒከሪንግ ስም ቢፈረምም፣ ገና በመክፈቻው ያዘጋጁት ሊቪት መሆናቸውን ይናገራል፤ ይህንንም ቀድሞ መጥቀስ ይገባን ነበር።