የእንግሊዝ ባሕር የሚታየው በብርድ ነው

«ቅዳሜ ባሕር ዳር ልውሰድሽ» አልኳት አክስቴን። ጥር ነው፤ ጥምቀት ካለፈ ሳምንት አልሞላውም።

«የአውሮፕላኑን ማን ከፍሎ?» አለችኝ። ጣናን ነበር ያሰበችው። የእኔው ባሕር ሳውዝኤንድ እንደሆነ፣ ከለንደን በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ እንደሚወስድ ስነግራት ይባስ ብላ ሳቀች። «በዚህ ብርድ? አንተ ልጅ፣ ጤናህን ነው?»

አክስቴ አይፈረድባትም። የለንደን አበሻ ባሕር የሚሄደው በጁላይና በኦገስት ነው። አውቶቡስ ይከራያል፣ ድፎ ዳቦውንና ዶሮ ወጡን ይጭናል፣ ጀበናውንም አይረሳም። እዚያ ሲደርስ የለንደን ሕዝብ በሙሉ ቀድሞት ተኮልኩሏል። ቦታ ፍለጋ ሲዞር፣ ለሽንት ቤት ሲሰለፍ ይውልና ማታ «ባሕር ሄደን መጣን» ይላል። የምን ባሕር? ያየው የሰው ጀርባ ነው። እኔ ባሕሩን ማየት ለሚፈልግ በብርዱ ጊዜ ይሂድ ባይ ነኝ። በክረምት እንዳልል፣ ክረምት ስል ትዝ የሚለኝ የሐምሌ ዝናብ ነው፤ ጥር ደግሞ ለእኛ በጋ ነው። ሃያ ዓመት እዚህ ኖሬም ይቺ ቃል አልገራልኝ አለች።

ለማንኛውም ለምኜ ወሰድኳት። አምስት ሰዓት ላይ ከባቡር ወርደን፣ የገበያውን መንገድ ጨርሰን ዳርቻው ላይ ቆምን። አክስቴ ካፖርቷ ላይ ጋቢ ደርባለች። ግራና ቀኙን አየች።

«ባሕሩ የታለ?»

የለም። ዓይን እስከሚያይ ድረስ ጭቃ ነው። ትናንሽ ጀልባዎች እንደ ደከመው በሬ በጎናቸው ተጋድመዋል።

«ጭቃ ለማየት ከሆነማ አገር ቤት ሞልቶልኝ የለ?»

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የውኃውን ሰዓት ሳላይ ነው የወጣሁት። ሳውዝኤንድ ያለችው የቴምስ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት አፍ ላይ ነው። ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ዳርቻው ለጥ ያለ ስለሆነ ሲሸሽ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይሄዳል። ድሮ ከለንደን ሽርሽረኛ ጭነው የሚመጡ መርከቦች ወደ ዳር መጠጋት ያቅታቸው ነበር። መርከቡ ወደ ሰዉ ካልመጣ ሰዉ ወደ መርከቡ ይሂድ ተባለና በ1830 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የእንጨት ፒር ተሠራ። ፒር ማለት ባሕር ላይ የተዘረጋ ድልድይ ነው። የዛሬው የብረት ሲሆን ርዝመቱ 2.16 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከመዝናኛ ፒሮች በዓለም ረጅሙ። ላዩ ላይ ባቡር ይሄድበታል። በ1959፣ በ1976 እና በ2005 ተቃጥሏል። በ1986 ደግሞ መርከብ ገብታበት ለሁለት ቆርጣዋለች። እነሱ ግን መጠገን አልሰለቻቸውም።

«ወዴት ነው የሚያሻግረው?» አለች አክስቴ።

«የትም። ሄደሽ ትመለሻለሽ።»

ይሄ ነገር ደስ አላት መሰለኝ፣ ባቡሩን ትታ በእግሯ ተነሣች። ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። በጁላይና በኦገስት ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋን የምንሄድበት ፒር ላይ ያገኘነው ሰው አንድ ዓሣ አጥማጅና ውሻው ብቻ ነው። ጫፉ ላይ ሆኖ ሰማዩ ጥርት ሲል ከወዲያ ማዶ ከውኃው የወጡ የመርከብ ምሰሶዎች ይታያሉ። ሪቻርድ ሞንትጎመሪ የምትባል የአሜሪካ መርከብ ናት፤ በ1944 ቦምብ እንደጫነች አሸዋ ላይ ተቀርቅራ ቀረች። 1,400 ቶን ያህል ፈንጂ አሁንም ሆዷ ውስጥ አለ። ይህን ሳልነግራት ብቀር ይሻለኝ ነበር። ተመለስን፤ ስንመለስ ፈጠን አለች።

ዳርቻው ላይ መኪኖች ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው ተደርድረዋል። በየመኪናው ሽማግሌና አሮጊት ተቀምጠዋል። ፔርሙስ አለ፣ ጋዜጣ አለ፣ መስኮቱ በሻይ እንፋሎት ደብዝዟል። አይነጋገሩም።

«ተጣልተው ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

አልተጣሉም። እንግሊዝ አገር ያለ ሥራ ቁጭ ያለ ሰው «ምን ሆነህ ነው?» የማይባልበት ቦታ ቢኖር ይሄ ነው። ሽርሽር ስንል እኛ ጫጫታ፣ ምግብና ፎቶ ነው የሚታየን። እነዚህ ሰዎች አብሮ ዝም ማለትን ለማምለጥ ሳይሆን ለእሱ ሲሉ ነው መንገድ የወጡት። እኔ ቀናሁባቸው።

ቺፕስ ገዛን፤ ትኩስ ነው፣ ጨውና ኮምጣጤ ተርከፍክፎበታል። ከፊታችን የተሰለፈ አንድም ሰው አልነበረም። ሻጩም እንግዳ ናፍቆት ኖሮ ወሬ መረቀልን። እንዲህ ያሉ ከተሞች የዓመቱን ገቢ በጥቂት ፀሐያማ ሳምንታት ነው የሚለቃቅሙት። እንግሊዞቹ ራሳቸው ርካሽ አውሮፕላን ካገኙ ወዲህ ስፔንን መርጠዋል። ክሪስ ዊቲ፣ የአገሪቱ ዋና የሕክምና ኃላፊ፣ የ2021 ዓመታዊ ሪፖርታቸውን ሙሉ በሙሉ ለባሕር ዳርቻ ሕዝብ ጤና ነበር የሰጡት። የከተሞቹ ችግር እዚያ ድረስ ነው። ገንዘቤ ካልቀረ ጥር ላይ ቢደርሳቸው ይሻላል።

አንድ ወዳጄ ግን በዚህ አይስማማም። የመጀመሪያውን ብርድ ያሳለፈው ወረቀት እየጠበቀ፣ ባዶ በሆነ የባሕር ዳርቻ ሆቴል ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ሜዲትራኒያንን በጀልባ ተሻግሯል። «ባሕር ጠግቤያለሁ» ይላል። እሱን ና ብዬ አልጨቀጭቀውም።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ውኃው ተመለሰ። ማዕበል የለ፣ ድምፅ የለ፤ እንደ ወጥ መረቅ ጭቃው ላይ ቀስ ብሎ ተሰራጨ። ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ተነሡ። አክስቴ ከቦርሳዋ የራሷን ፔርሙስ አወጣች፤ ቅርንፉድ ያለው ሻይ ነው። ከዚያ ወዲያ አርባ ደቂቃ ያህል ቃል አልተነፈሰችም። ከቅዳሴ ሌላ ዝም ስትል አይቻት አላውቅም።

ውኃው ያልደረሰበት ጭቃ ላይ ጥቁር የዱር ዝዮች ሣር ይለቅማሉ።

«እነዚህስ በዚህ ብርድ ምን ቆርጧቸው መጡ?»

ከሳይቤሪያ ነው የሚመጡት። በየዓመቱ ብርዱ ሲጀምር ሙቀት ፍለጋ እዚህ ይወርዳሉ፤ የሚበሉትም አክስቴ የናቀችው ጭቃ ላይ የሚበቅለውን ሣር ነው። ነገርኳት።

«ሙቀት ፍለጋ?» አለችና ጋቢዋን ጠበቅ አድርጋ እንደገና ታያቸው ጀመር።

ባቡራችን አስር ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። አመለጠን።