ሙቀት መጣ ብላችሁ የኮሌስትሮል ኪኒናችሁን አትተዉ

አዳማ ላይ ከየካቲት ጀምሮ ሙቀቱ ሲከር አንድ ምክር በየሰፈሩ ይሰማል። «ጋሼ፣ ይሄ የኮሌስትሮል መድኃኒት በሙቀት ከባድ ነው፤ እስኪበርድ ይተዉት።» መካሪው ጎረቤት ነው፣ ወይ የሥራ ባልደረባ፤ ክፋት የለበትም። ምክሩ ግን ሰው ይጎዳል።

ኮሌስትሮል ሲጨምር አያምም። ኪኒኑን ያቆመ ሰው ምንም ስለማይሰማው «ይኸው፣ ያለሱም ደህና ነኝ» ይላል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ኮሌስትሮሉ ወደነበረበት ይመለሳል። በተለይ ከዚህ በፊት ስትሮክ ወይም የልብ ሕመም የነበረበት ሰው በገዛ እጁ ሲያቆም በጣም ያሳስበኛል።

ታዲያ ሙቀቱ ምንም አያደርግም? ያደርጋል። የኮሌስትሮል ኪኒኖቹ፣ እነ አቶርቫስታቲን፣ ሲምቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን፣ ራሳቸው ከሰውነት ውሃ አያስወጡም። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ጡንቻ ያሳምማሉ፤ እጅግ በጥቂቱ ላይ ደግሞ ጡንቻው መፈራረስ ይጀምርና ወደ ደም የሚገባው ነገር ኩላሊትን ይጎዳል፣ ሰውነት ውሃ ካጠረው ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ ምክንያቱ ያልታወቀ ከባድ የጡንቻ ሕመም ወይም ድክመት ከመጣ፣ ወይም ሽንት ከጠቆረ፣ ኪኒኑን አቁሞ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ፀሐይ ላይ ውሎ መዛል ከዚህ ጋር አይምታታ።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያላግባብ በኮሌስትሮል ኪኒን ላይ ይለጠፋል። የሚወስደው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የግፊት መድኃኒትም አለው። ከግፊት መድኃኒቶቹ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያበዛል፤ ኢናላፕሪልም ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ግፊትን ከልክ በላይ ሊያወርድ፣ ኩላሊትንም ሊያስቸግር ይችላል። ከተቀመጡበት ብድግ ሲሉ ዓይን ጭልም ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እነዚህ ናቸው። እነሱንም ቢሆን በራስ ፈቃድ ማቆም የለም፤ ግፊትን ተለክቶ ሐኪምን ማማከር ነው።

ደግሞ ጾሙ አለ። ዓቢይ ጾም የሚውለው በዚሁ በሙቀቱ ወራት ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማይቀምሱ እናትና አባቶች አሉን። ረመዳንም አንዳንድ ዓመት እዚሁ ላይ ይገጥማል። በጾም ምክንያት ኪኒኑን የሚዘሉ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል፦ አቶርቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን በቀን አንዴ በፈለጉት ሰዓት ይወሰዳሉ፣ ሲምቫስታቲንማ ድሮም የማታ ነው። ማታ ይዋጥ፣ ውሃውም ከማታ ጀምሮ ቀስ እያለ ይጠጣ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮበት ውሃ እንዲቀንስ የተነገረው ሰው ግን መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ። አንድ ቀን ቢረሳም በማግስቱ ሁለት አይዋጥም።

አቀማመጡም ነገር አለው። ብዙዎቹ ኪኒኖች ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጡ ይላል እሽጋቸው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፣ ባጃጅ ኪስ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚዞር ኪኒንም ደህና አይውልም። የቆርቆሮ ቤት ከሆነ ጣሪያው ሥር ካለው መደርደሪያ አውርዱት፤ ታች፣ ጥላ ያለበትና ደረቅ ቦታ፣ ከነእሽጉ ይቀመጥ። ፍሪጅ አያስፈልገውም።

ይህን ሁሉ ታካሚው ከየት ይወቀው? የከተማችን ፋርማሲዎች፣ እናንተን ነው የምለው። እሽጉን ቆርጣችሁ ስትሸጡ የማብቂያ ቀኑ ሌላው ቁራጭ ላይ ይቀራል፤ ወረቀት ላይ ጻፉላቸው። «በቀን አንድ» ብላችሁ ብቻም አትሸኟቸው። ሌላ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ይጾማሉ? የት ያስቀምጡታል? ሦስቱን ጥያቄ ለመጠየቅ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።