መኪና የሚያውቅ ሰው አይጥፋ

ያገለገለ የቤንዚን አውቶሞቢል ለመግዛት ዋናው ነገር ገንዘብ ነው የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። ገንዘብ በቁጠባም በብድርም ይመጣል። ያለ እርሱ ግዢ የማይጀመረው «መኪና የሚያውቅ ሰው» ነው።

በየዘመድ አዝማዱ አንድ አይጠፋም። መካኒክ አይደለም፤ ጋራዥ የገባውም እንደ እኛው ሂሳብ ለመክፈል ነው። ዕውቀቱ የተቀዳው አንድ መኪና ለብዙ ዓመት ከመንዳቱ ነው። «እንዲህ ከሆነ ሠላሳ ዓመት ጥርስ ይዞ የኖረ ሁሉ የጥርስ ሐኪም ነዋ!» የሚል ምቀኛ ይኖር ይሆናል። ምቀኛን ማን ይሰማል? መካኒክ ከመኪናው ዋጋ አንጻር ከፍርፋሪ የማይቆጠር ገንዘብ ተቀብሎ፣ መኪናውን ወደ ላይ አንስቶ፣ ከሥር በባትሪ እያየ ግማሽ ቀን ይፈጃል። አዋቂው ግን ነጻ ነው፤ ቢበዛ ምሳ ቢጋበዝ ነው። ጊዜም አይፈጅም፤ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል።

የእኔውን አዋቂ ልንገራችሁ። አብሮ አደጌ ነው፤ ዕድሜ ልኬን «አንተ» ስለው ኖሬያለሁ። ኮፈኑን ከፍቶ ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ ዝም ያለ ዕለት ግን አፌ ራሱ «አንቱ» ማለት ጀመረ። ከዚህ በኋላም በአንቱታ እቀጥላለሁ፤ ክብራቸው ግድ ይለኛል።

መኪናዋን ያየናት በማለዳ ነው። ሻጩ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። እጄን ኮፈኑ ላይ ጣል ባደርግ እንደ ምጣድ ይፋጃል። ነገረኛ መካኒክ ቢሆን ኖሮ ሞተር ቀዝቅዞ ካልተነሣ አመሉ አይታወቅም፣ ሲነሣ የሚንኳኳውም የሚጨሰውም በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው፣ ነገ ጠዋት ሳይነካ እንየው ብሎ ባስቸገረ ነበር። አዋቂዬ ግን ፈገግ አሉና «ሞቅ አድርገው ጠበቁን» አሉ። መስተንግዶ አድርገው ነው የቆጠሩት። ባለቤቱም አንገቱን ሰበር አድርጎ ምስጋናውን ተቀበለ።

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። በመጀመሪያ ጎማውን በጫማቸው ጫፍ ሁለት ጊዜ መቱት። ጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ የምታሳይ ትንሽ ሞላላ ምልክት አለች፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተመረተበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። 2319 ቢል እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ለማንበብ ግን ማጎንበስ ይጠይቃል፤ አዋቂ ደግሞ አያጎነብስም። ቀጥለው በሩን ከፍተው ዘጉት። ከፍተው ዘጉት። በሦስተኛው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና «ይሰማሃል? ይህ የዛሬ ቆርቆሮ አይደለም» አሉኝ። እውነት ለመናገር የሰማሁት የበር ድምፅ ነው።

የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታሁት። ከውስጥ በኩል ነጣ ያለ፣ ቅቤ የመሰለ ነገር ተለጥፎበታል። እንዲህ ያለው ነገር ዘይትና ውኃ ሲቀላቀሉ የሚመጣ ነው፤ አንዳንዴ አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ መኪና የሚያጠራቅመው እርጥበት ነው፣ አንዳንዴ ግን የቴስታታ ጋስኬት፣ ማለትም የሞተሩን ራስ ከአካሉ ጋር የሚያሽገው ንጣፍ፣ ተቃጥሎ የራዲያተሩ ውኃ ወደ ዘይቱ ገብቷል ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ የሚለይ ምርመራ አለ። አዋቂዬ ምርመራ አላስፈለጋቸውም። በጣታቸው ጠረግ፣ በመሐረባቸው ጸዳ፤ አለቀ።

ኪሎ ሜትር መቁጠሪያው 68,000 ያሳያል። የፍሬኑ ፔዳል ላስቲክ ተልጦ ብረቱ ያበራል፤ መሪው እጅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ እንደ ድሮ ሳንቲም ልሟል፤ የሾፌሩ መቀመጫ ጠርዝ ተሰንጥቋል። እኔ ሞኙ፣ ቁጥሩ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይሆን ብዬ ተንሾካሾክሁ። «የቀድሞው ባለቤት ከባድ ሰው ነበሩ» አሉኝ። ሰውየው ከባድ ከሆኑ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ያገለገለ መኪና ነገር ሊቃውንትንም ያደከመ ጉዳይ ነው። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባሉ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንኑ ገበያ ምሳሌ አድርገው ተነሡ። ሻጭ የመኪናውን ገመና ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም። ስለዚህ ገዢው ለሁሉም የሚሰጠው መካከለኛ ዋጋ ነው። በዚያ ዋጋ ደህና መኪና ያለው ሰው አልሸጥም ብሎ ይወጣል፤ ገበያው እየቆየ ለጉደኞቹ ይቀራል። ለዚህና ለተከታዩ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ተጋሩ። ሰውየው ምን አደከማቸው? የእኔን አዋቂ ቢያገኙ ኖሮ በር ከፍተው በመዝጋት ብቻ ይገላግሏቸው ነበር።

ላይዋ እንደ መስታወት ታበራለች፤ ውስጡን ለቄስ ብለን ገዛናት።

ከመለያየታችን በፊት አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ነበረችኝ፤ የታይሚንግ ቺንጊያው፣ ማለትም ቫልቮቹን ከፒስተኑ ጋር አስማምቶ የሚያንቀሳቅሰው ቀበቶ፣ መቼ ተቀየረ? ሻጩ አላስታወሰም፤ ወረቀትም የለም። ላስቲክ ነውና አምራቹ በወሰነው ኪሎ ሜትር ወይም ዓመት መቀየር አለበት፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ድንገት ከተበጠሰ ፒስተኑና ቫልቮቹ ይላተማሉ። የአዋቂዬ መልስ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም፦ «እስካሁን ካልተበጠሰ ጠንካራ ነው ማለት ነው።»

በአራተኛው ወር ተበጠሰ። ሞተሩ በአንድ ኃይለኛ ቋቋታ ዝም አለ፤ መሪው እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ስልክ ደውዬ ስነግራቸው ለአፍታ ዝም ብለው «ነግሬህ ነበር» አሉ። ምን እንደነገሩኝ አልጠየቅሁም፤ አዋቂ አይጠየቅም።

አልደነገጥሁም፤ ሙሉ ሽፋን ያለው መድን ነበረኛ! መድን ሰጪው ቢሮ ያስተናገደችኝ ሴት ሥነ ሥርዓት ያላት ናት፤ ውሉን ገልጣ አንዱን መስመር በእስክሪብቶዋ ጫፍ አሳየችኝ። በእርጅናና በአገልግሎት ብዛት የሚመጣ የሞተር ብልሽት አይሸፈንም። መድን የሚገባው ለአደጋ ነው፤ ማርጀት አደጋ አይደለም። ጽሑፉ ግልጽ ነበር፣ ፊደሉም ያን ያህል አላነሰም። ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው። ስፈርም ለማን ብዬ አነባለሁ? አዋቂዬ አጠገቤ ነበሩ።

የመድኑንም ምክር የሰጡኝ እርሳቸው ናቸውና እዚህ ላይ ምስጋናዬ እጥፍ ነው። «ዋጋዋን ዝቅ አድርገህ አስመዝግብ፣ አረቦኑ ይቀንሳል» ብለውኛል። እውነትም ለመድኑ የምከፍለው ቀነሰ። የዚህ ዘዴ ውበት የሚታየው ካሳ ሲጠየቅ ነው። አንዳንድ ውል ላይ ተመጣጣኝ ክፍያ የሚባል አንቀጽ አለ፤ 100 የሚያወጣውን ንብረት በ60 ያስመዘገበ ሰው 20 ጉዳት ቢደርስበት የሚቆጠርለት 12 ነው። ከዚያም ላይ በውሉ መሠረት ባለንብረቱ ራሱ የሚሸከመው ተቀናሽ ይነሣል። አሻቅቦ ማስመዝገብም አያዋጣም፤ በብዙ ውሎች የሚከፈለው መኪናው አደጋው በደረሰበት ጊዜ ከሚያወጣው ዋጋ አይበልጥም። አዋቂዬ ግን ሂሳብ የሚያውቁት እስከ አረቦኑ ድረስ ነው፤ ወዲያ ማዶ ያለው የእኔ ድርሻ ነው።

ቅጹ ላይ «መኪናውን በዋናነት የሚነዳው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ነበር። የሚነዳው መንጃ ፈቃዱ ገና ያልደረቀለት ልጄ ነው፤ ጠዋት ይወስዳታል፣ ማታ ነዳጇን ጨርሶ ይመልሳታል። «የአንተን ስም ጻፍ፤ የወጣት ስም አረቦን ያስወድዳል። ማን ይጠይቃል?» አሉኝ። ጻፍሁ። ሎርድ ማንስፊልድ የሚባሉ የእንግሊዝ ዳኛ እ.ኤ.አ. በ1766 በሰጡት ፍርድ፣ የመድን ውል በቅን ልቦና ላይ የቆመ ነው፣ ስለ ስጋቱ የሚያውቀውን የደበቀ ሰው ውሉን ያፈርሳል ብለዋል። እንግዲህ ማን እንደሚጠይቅ ከተጠየቀ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ለእኛ ግን ዜናው አልደረሰም ነበር።

ሞተሯ በስንት መከራ ተሠርታ በወጣች በሁለተኛው ሳምንት ልጄ ወደ ኋላ ሲመለስ የሲሚንቶ ምሰሶ ገጨ። የኋላ መብራቱ ረገፈ፣ ጥጉ ታጠፈ። ከተላጠው ቀለም ሥር የተጎዳ ቆርቆሮ የሚደፈንበት፣ የጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ ብቅ አለ፤ ያ «የዛሬ ቆርቆሮ ያልሆነው» ቆርቆሮ መሆኑ ነው። ጉዳት ገማቹ ስቱኮውን በጥፍሩ ኳ ኳ አድርጎ አየኝና አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ ሾፌሩ ማን ነበር? ልጄ፣ እግዚአብሔር ያሳድገው፣ ውሸት አልለመደም። «እኔ ነኝ፤ ሁልጊዜ የምነዳት እኔ ነኝ» አለ።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የ100 እና የ60 ስሌት እንኳን አላስፈለገም።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ቅር ተሰኝቼ እንዳይመስላችሁ። ትርፍ አግኝቻለሁ። ባለፈው ቅዳሜ የባለቤቴ የአክስት ልጅ ደወለና «ጋሼ፣ መኪና ልገዛ ነው፤ አንተ ታውቃለህ አሉ» አለኝ። አንድ መኪና ገዝቻለሁ፣ ሞተር አስወርጃለሁ፣ ካሳ ተከልክያለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ዲግሪ አለ? ለወጉ ያህል መካኒክ ውሰድ አልሁት። ሳቀ። ሄድን። ሻጩ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ኮፈኑን ነካሁት፤ ይፋጃል። ልጁ ዓይን ዓይኔን ያያል፣ ሻጩም ያያል፣ ልጁ ይዟቸው የመጣ ሁለት ጓደኞቹም ያያሉ። አንደኛው «እርስዎ ምን ይላሉ?» አለኝ።

እጄን ወገቤ ላይ አደረግሁ።

«ሞቅ አድርገው ጠበቁን» አልሁ።