«መመሪያው አይፈቅድም» ላሉን ሁሉ ምስጋና

የሰሜን ሸዋ ሰው ሙግት ይወዳል ይባል ነበር። አያቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» እያሉ ከመንዝ አንኮበር ድረስ በእግራቸው ሲኳትኑ ኖረዋል። እኛ እግዜር ይመስገን ሠልጥነናል። ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ በቅሎዋም ጭብጦዋም ቢሄዱ፣ ባለሙያው ከወንበሩ ሳይነሳ «መመሪያው አይፈቅድም» ካለን፣ ጋቢያችንን አጣፍተን፣ እጅ ነስተን እንወጣለን።

«የቱ መመሪያ?» የሚል ባለጌ አልፎ አልፎ አይጠፋም። መመሪያ እንደ ታቦት ነው፤ ይሳለሙታል እንጂ ገልጠው አያዩትም።

ደግሞስ የትርጓሜው ጥበብ! አዋጁ «ማስረጃ ያቀርባል» ብሎ በሁለት ቃል ያለፈውን፣ የኛ ባለሙያ «ከቀበሌ የተጻፈ፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት፣ ሦስት ወር ያላለፈው» ብሎ ያመሰጥረዋል። ሕግ አውጪው ያላሰበውን ማሰብ ቀላል ተሰጥኦ አይደለም። አንዳንድ ችሎትም ይህ ገብቶት «አስተዳደራዊ ጉዳይ ነው፣ መሥሪያ ቤቱ ያውቃል» ብሎ በጨዋ ደንብ ይመልሰናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በስተቀር በሌላ አይመራም ይላል። ታዲያ ባለሙያው ራሱ ሕግ አይደል?

አሜሪካኖች ይህን ጨዋነት 40 ዓመት ሞክረውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ሼቭሮን በተባለው የነዳጅ ኩባንያ መዝገብ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ዘንድ፣ ሕጉ አሻሚ ከሆነና የመሥሪያ ቤቱ ትርጉም ምክንያታዊ ከሆነ ዳኛው ይቀበለው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ግን ሄሪንግ የሚባል ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች «መሥሪያ ቤቱ ጀልባችን ላይ ለሚያሳፍረው ታዛቢ እኛ እንድንከፍል የሚያዝ ሕግ የታለ?» ብለው ተሟገቱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ሕግ መተርጎም የዳኛ ሥራ ነው ብሎ የሼቭሮኑን ሻረው። ያሳዝናል። ለነገሩ እነሱ ድሮም «አሻሚ ከሆነ» የሚል ገደብ ነበረባቸው፤ እኛ ጋ ቁልጭ ብሎ ቢጻፍም ያው ነው።

እዚህም አገር የሚያውክ አልጠፋም። በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1183፣ ያልተመዘገበ መመሪያ አይሠራም፣ በመሥሪያ ቤት ውሳኔ ቅር የተሰኘም ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያመልክት ይላል። ደግነቱ የተጻፈው ለፌዴራል ተቋማት ነውና፣ ወረዳችን ሳይደርስ ጫጫ ላይ ብርዱ መለሰው።

እኔን ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባለሙያው የዓመት ፈቃድ ሲወጣ የሕጉን ትርጉም ይዞት ይሄዳል። ተወካዩ ደግሞ የራሱ አለው። በአንድ ጉዳይ ሁለት ደብዳቤ ይዘን በረንዳ ላይ እንቆማለን፤ አንዱ ይፈቅዳል፣ አንዱ ይከለክላል፣ ክብ ማኅተሙ ግን ሁለቱም ላይ አለ።